ኧርኒ ዴቪስ፦ የገዛ ሕመሙን መጨረሻ ላይ የሰማው ተጫዋች

ጁላይ 1962 መጨረሻ ላይ፣ ከቺካጎ አጠገብ ባለችው ኢቫንስተን፣ አንድ የ22 ዓመት ወጣት ሆስፒታል ገባ። አንገቱ አብጧል። ድካም አልለቀው ካለም ሰነባብቷል። ወጣቱ አሜሪካ በሙሉ የሚያውቀው ስፖርተኛ ነው። ወደዚያ የመጣው ከጥቂት ቀናት በኋላ ለሚደረግ ትልቅ ጨዋታ ሊዘጋጅ ነበር። ሐኪሞቹ ደሙን መረመሩ። የደም ካንሰር፣ ያውም አጣዳፊው ሉኪሚያ ሆኖ ተገኘ።

ወሬው የአዲሱ ቡድኑ ባለቤት ጆሮ ደረሰ። ልጁ ራሱ ግን «ደምህ ላይ ችግር አለ» ከመባል ያለፈ ነገር አልተነገረውም። የበሽታውን ስም የሰማው ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ፣ ኦክቶበር ላይ ነው።

ልጁ ኧርኒ ዴቪስ ይባላል። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ታሪኩን መጀመሪያ ሳነብ ስለ ስፖርት አላሰብኩም። ትዝ ያለችኝ አክስቴ ናት። ዶክተሩ ታላቅ ወንድሟን ኮሪደር ላይ ጠርቶ በሹክሹክታ ነገረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ በሙሉ ተዋናይ ሆነ። «ጨጓራ ነው፣ ይተውሻል» እንላታለን። እሷም «እሺ» ትላለች። አንድ ቀን አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ብርቱካን ስልጥላት፣ እጄን ዝም ብላ ስታይ ቆየችና «አንተም ታውቃለህ አይደል?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ብርቱካኑን ፈልቅቄ ሰጠኋት። ለዚህ ነው የኧርኒን ጉዳይ ቁጭ ብዬ ያጠናሁት። ስለ አንድ ሰው ሕይወት ሌሎች ሲወስኑለት ምን እንደሚመስል፣ የእሱን ታሪክ ያህል አፍ አውጥቶ የሚናገር አላገኘሁም።

የተወለደው ዲሴምበር 14፣ 1939 በፔንሲልቬኒያ ነው። አባቱን አያውቀውም። ሳይወለድ በአደጋ ሞቷል። ያሳደጉት የእናቱ ወላጆች ናቸው። ዩኒየንታውን በምትባል የከሰል ማዕድን ከተማ፣ ቤተሰብ በበዛበት ቤት አደገ። አያቱ ዊሊ ዴቪስ ማዕድን ቆፋሪ ነበሩ። ልጁ ደግሞ ይንተባተብ ነበር። በኋላ ሲያድግም ቃል ቆጥቦ የሚናገር፣ ዝምተኛ ሰው ሆኖ ቀረ። 12 ዓመት ሲሞላው እናቱ ማሪ ወሰደችው። ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ፣ ኤልማይራ በምትባል ትንሽ ከተማ ከእሷና ከእንጀራ አባቱ ጋር መኖር ጀመረ።

ኤልማይራ ውስጥ ያልተጫወተው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ቤዝቦል፣ ቅርጫት ኳስ፣ ፉትቦል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ የትምህርት ቤቱ የቅርጫት ኳስ ቡድን 52 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፏል። የመረጠው ግን ፉትቦልን ነው።

እዚህ ላይ ለማያውቀው ሰው ትንሽ ላስረዳ። የአሜሪካው ፉትቦል የኛ እግር ኳስ አይደለም። ኳሱ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው። በእጅ ይያዛል፣ ይወረወራል፣ ይዘውት ይሮጣሉ። ርቀቱ በያርድ ይለካል፤ አንድ ያርድ ከአንድ ሜትር ትንሽ ያንሳል። ኳሱን ይዞ የተጋጣሚን የመጨረሻ መስመር ማለፍ ተችዳውን ይባላል። ኧርኒ ሃፍባክ ነበር። ሥራው ኳሱን ተቀብሎ፣ እንደ ግድግዳ በቆሙት ሰዎች መሃል ቀዳዳ ፈልጎ መሮጥ ነው። በዚያ ዘመን ደግሞ ያው ተጫዋች ሲያጠቃም ሲከላከልም ሜዳ ላይ ነው።

የዩኒቨርሲቲው ውድድርም ተማሪዎች ከክፍል በኋላ እንደሚራገጡት ዓይነት አይደለም። ስታዲየም ጢም ብሎ ይሞላል፤ ጋዜጣውም ቴሌቪዥኑም ይከታተለዋል። ተጫዋቹ ግን ያን ጊዜ የሚያገኘው የትምህርት ክፍያውን፣ ማደሪያውንና ምግቡን ነው። ተማሪዎች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ የተፈቀደላቸው በ2021 ነው። ኧርኒ ያንን ዘመን አላየውም።

ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ፈልገውት ነበር። ወደ ሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ እንዲሄድ ካግባቡት ሰዎች አንዱ ጂም ብራውን ነው። ብራውን ከጥቂት ዓመት በፊት እዚያው ዩኒቨርሲቲ 44 ቁጥር ለብሶ ሜዳውን ያንቀጠቀጠ፣ በኋላ በክሊቭላንድ ብራውንስ የፕሮፌሽናሉ ሊግ ንጉሥ የሆነ ጥቁር ተጫዋች ነው። ኧርኒ ሲመጣ ያው 44 ቁጥር ተሰጠው። ትከሻ ላይ የሚከብድ ማልያ ነው። እሱ ግን ቻለው፤ እንዲያውም የብራውንን ክብረ ወሰኖች ሰበረ።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በዋናው ቡድን አይሰለፍም ነበርና 1958 እንዲሁ አለፈ። በ1959 ተሰለፈ። አሰልጣኙ ቤን ሽዋርትዝዋልደር ነበር። ሲራኪዩስ 11 ጨዋታ አድርጎ 11ዱንም አሸነፈ፤ የአገሪቱ ሻምፒዮንም ሆነ። ዩኒቨርሲቲው እስከ ዛሬ ሌላ የፉትቦል ሻምፒዮንነት የለውም።

የመጨረሻው ጨዋታ ጃንዋሪ 1፣ 1960 ዳላስ ውስጥ የተደረገው ኮተን ቦውል ነው። ተጋጣሚው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ነበር። የቴክሳስ ቡድን አንድም ጥቁር ተጫዋች የለውም። ሲራኪዩስ ሦስት አሉት፦ ኧርኒ ዴቪስ፣ ጆን ብራውንና አርት ቤከር። ኧርኒ ከጨዋታው በፊት የጭኑ ጡንቻ ተጎድቶ ነበር፤ መጫወቱም ያጠራጥር ነበር።

ተጫወተ። ጨዋታው በተጀመረ በደቂቃ ውስጥ ጀር ሽዌዴስ የተባለው ጓደኛው ኳሱን ረጅም አድርጎ ወረወረለት። ኧርኒ ያዘና በዚያ በተጎዳ እግሩ እስከ መጨረሻው መስመር ሮጠ። 87 ያርድ፣ ተችዳውን። ቆይቶ ሌላ ተችዳውን ጨመረ። ሲከላከል ደግሞ የቴክሳስን ኳስ ከአየር ላይ ቀማ። ከዕረፍት በፊት ሜዳ ላይ ድብድብ ተነሣ። የሲራኪዩስ ልጆች በዘራችን ተሰደብን አሉ። የቴክሳሶቹ አስተባበሉ። ውጤቱ 23 ለ 14፣ ሲራኪዩስ አሸነፈ። የቀኑ ምርጥ ተጫዋችም ኧርኒ ተባለ።

ማታ የእራት ግብዣና የሽልማት ሥነ ሥርዓት ነበር። ለጥቁሮቹ ተጫዋቾች አስቀድሞ መልእክት ደረሳቸው። ሽልማታችሁን ትቀበላላችሁ፣ ከዚያ ትወጣላችሁ ተባሉ። ግብዣው የሚቀጥለው ያለ እነሱ ነው።

እስቲ ይህን ረጋ ብለን እንየው። ቀን ላይ ሕዝብ በተሞላ ስታዲየም የተጨበጨበለት ልጅ ነው። ገና ሃያ ዓመት ከሞላው ሦስት ሳምንት እንኳ አልሆነውም። ስሙ ይጠራል፣ ተነሥቶ ይሄዳል፣ ዋንጫውን ይቀበላል። ከዚያ ወደ ወንበሩ አይመለስም፤ ወደ በሩ ይሄዳል። ዋንጫውን የሰጠችው እጅና በሩን ያሳየችው እጅ አንድ ናት። ሦስቱም ወጡ። ኧርኒን እዚያ አዳራሽ ውስጥ ማን ይቀመጥ የሚለውን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ይህን ጉዳይ ሳጠና ደጋግሜ የምመለሰው ወደዚህ ማታ ነው። በኋላ ከመጣው ሁሉ ጋር አንድ ክር ያያይዘዋል።

በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ሩጫው አልቆመም። በ1960 877 ያርድ፣ በ1961 823 ያርድ ሮጠ። በሦስት ዓመት 2,386 ያርድ። ኳሱን በያዘ ቁጥር በአማካይ 6.6 ያርድ ያህል ይሄዳል ማለት ነው። ለዚህ ጨዋታ በጣም ትልቅ ቁጥር ነው። 35 ተችዳውንም አለው። ግቢ ውስጥ ደግሞ አይሁዳውያን ተማሪዎች ያቋቋሙት አንድ የወንድማማችነት ማኅበር አባል አድርጎ ተቀበለው። ያን ጊዜ ጥቁርና ነጭ አብሮ መኖሩ ገና ብርቅ ነበር። ለእሱ ግን በሩ ተከፈተ።

ከዚያ ሃይስማን መጣ። ሃይስማን በየዓመቱ ለአገሪቱ ምርጥ የዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ተጫዋች የሚሰጥ ዋንጫ ነው። ከ1935 ጀምሮ ሲሰጥ አንድም ጥቁር አላገኘውም ነበር። ጂም ብራውን በ1956 ያን ሁሉ ጉድ ሠርቶ አምስተኛ ነው የወጣው። የዚያ ዓመት አሸናፊ የተጫወተበት ቡድን ሁለት ጊዜ አሸንፎ ስምንት ጊዜ የተሸነፈ ነው። ነገሩን ጥቁሮች አልረሱትም። በ1961 የመራጮቹ ድምፅ ሲቆጠር ኧርኒ ዴቪስ 824፣ ሁለተኛ የወጣው የኦሃዮ ስቴቱ ቦብ ፈርጉሰን 771 ነጥብ አገኙ። ፈርጉሰንም ጥቁር ነበር።

ዲሴምበር 6 ዋንጫውን ለመቀበል ኒውዮርክ ሄደ። በዚያው ቀን ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ለንግግር ኒውዮርክ ነበሩ። ልጁን ማግኘት እፈልጋለሁ አሉ። ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ተገናኙና ተጨባበጡ። ከማዕድን ቆፋሪ ቤት የመጣው ዝምተኛ ልጅ ደስታውን መደበቅ አልቻለም።

ግን በዚያው ሳምንት ስለ እሱ ሌላ ውሳኔ ተወስኗል። የፕሮፌሽናሉ ሊግ አዳዲስ ተጫዋቾችን የሚመድበው በዕጣ መሰል ምርጫ ነው። ደካማው ቡድን መጀመሪያ ይመርጣል፤ ተጫዋቹ የት ልጫወት የሚል ድምፅ የለውም። በዚያ ዓመት የመጀመሪያውን ተራ የያዘው የዋሽንግተን ቡድን ነበር። ባለቤቱ ጆርጅ ፕሬስተን ማርሻል ጥቁር አላሰልፍም ብሎ የጸና ሰው ነው። ሊጉ ውስጥ ነጭ ብቻ የቀረው ቡድን የእሱ ብቻ ነበር። ነገር ግን አዲሱ ስታዲየም የተሠራው በፌዴራል መንግሥት መሬት ላይ ነው። የኬኔዲ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ስቱዋርት ዩዳል ጥቁር ካላስገባህ እዚህ አትጫወትም አሉት። ማርሻል ተገደደና ኧርኒን መረጠ። አንደኛ ምርጫ ሆኖ የተጠራ የመጀመሪያው ጥቁር ኧርኒ ነው። ወዲያው ደግሞ ወደ ክሊቭላንድ ብራውንስ ተላለፈ። በለውጡ ዋሽንግተን ቦቢ ሚቸልንና ሌሮይ ጃክሰንን አገኘ። ዋሽንግተንን የከፈተው ቁልፍ የኧርኒ ስም ሆነ። በሩን አልፎ የገባው ቦቢ ሚቸል ነው።

ኧርኒ በለውጡ አልከፋውም። ክሊቭላንድ ማለት ጂም ብራውን ማለት ነው። ሁለቱ የሲራኪዩስ 44 ቁጥሮች በአንድ ሜዳ ጎን ለጎን ሊሮጡ ነበር። የብራውንስ ደጋፊ ሌላ ወሬ አልነበረውም።

ከዚያ ኢቫንስተን።

ለሐኪሞቹ ፍትሐዊ ልሁን። በ1961 እዚያው ቺካጎ ውስጥ ሐኪሞች ስለዚህ ጉዳይ ተጠይቀው ነበር። 90 በመቶ ያህሉ ለካንሰር ታማሚ በሽታውን ባይናገሩ እንደሚመርጡ መለሱ። እንግዲህ ልማዱ የኛ ብቻ አልነበረም። በ1979 ተመሳሳይ ጥያቄ ለአሜሪካ ሐኪሞች ሲቀርብ 97 በመቶው እንናገራለን አሉ። በ18 ዓመት ውስጥ የአንድ ሙያ ልብ እንደዚህ ሲገለበጥ ማየት ያስገርማል። ኧርኒ የታመመው ከመገልበጡ በፊት ነው።

ኦገስት 18፣ 1962 ምሽት በክሊቭላንድ ስታዲየም ከ77,000 በላይ ሰው ነበር። መብራቱ ደበዘዘ። አንድ የብርሃን ጨረር መውጫው ላይ አረፈ። ኧርኒ 45 ቁጥር ማልያውን ለብሶ እየሮጠ ወደ ሜዳው መሃል ገባ። ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበ። ለጨዋታ አልነበረም፤ ሊያስተዋውቁት ብቻ ነው። በዚያ ማልያ ሕዝብ ፊት የሮጠው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ባለቤቱ አርት ሞዴል ምን እንዳመመው እያወቀ ነው የሚያየው። ኧርኒ ደግሞ አንዴ ይሻለኝና እጫወታለሁ እያለ ነው ጭብጨባውን የሚሰማው። ያ ጭብጨባ ለሁለቱ ሰዎች አንድ ድምፅ አልነበረም።

ኦክቶበር ላይ ሕመሙ ጋብ አለ። መድኃኒቱ ደሙን ለጊዜው አስተካክሎለታል። ሐኪሙ እውነቱን የነገረው ያን ጊዜ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ክርክር እስከ ዛሬ ያወዛግባል። ሞዴል ሐኪሞቹ መጫወት አይጎዳውም ካሉ ይሰለፍ አለ። አሰልጣኙ ፖል ብራውን በፍጹም አለ። ፖል ብራውን ቡድኑን ያቋቋመና ስሙን የሰጠ ሰው ነው፤ ኧርኒን ያመጣውም ሞዴልን ሳያማክር ነው። ሞዴል በበኩሉ ቡድኑን የገዛው በ1961 ነው። ሁለቱ ቀድሞም ሆድና ጀርባ ነበሩ፤ የኧርኒ ነገር ባሰበት። ጃንዋሪ 1963 ሞዴል ፖል ብራውንን አባረረው። ምክንያቱ ይህ ብቻ አልነበረም፣ ግን ይህም ነበረበት።

እኔ የአሰልጣኙ ፍርሃት ይገባኛል። የታመመ ልጅ ሰው በሰው ላይ በሚወድቅበት ሜዳ ማስገባት ቀላል አይደለም። ደግሞ አንድ ሰው ሜዳ ላይ ቢወድቅ ተጠያቂው አሰልጣኙ ነው። ግን ኧርኒ ልጫወት ይል ነበር። አሁን ምን እንዳለበት ያውቃል፤ ምን ያህል ጊዜ ሊቀረው እንደሚችልም መገመት አያቅተውም። ከዚያ ሜዳ ሌላ የቀረ ምኞት አልነበረውም። በኔ እምነት እድሉ ሊሰጠው ይገባ ነበር። አንድ ኳስ እንኳ ተቀብሎ አንድ ያርድ ቢሮጥ። አልሆነም። በፕሮፌሽናል ሊግ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ቀረ።

ታዲያ ልጁ ምን አደረገ? ከቡድኑ ጋር ቆየ። ከሲራኪዩስ ጓደኛው ከጆን ብራውን ጋር ክሊቭላንድ ውስጥ ይኖር ነበር። ልምምድ ያያል፣ ጨዋታ ያያል። በ1963 የጸደይ ወራት በአንድ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ስለ ራሱ ጻፈ። ሰዎች ዕድለ ቢስ ነህ እንደሚሉት፣ እሱ ግን እንደማይቀበለው ተናገረ። የተለየ ጀግና እንዳልሆነ፣ አንዳንዴ እንደሚከፋውና ለራሱ እንደሚያዝንም አልደበቀም። ሆኖም ወደ ኋላ ዞሮ ሲያይ፣ በ23 ዓመቱ ብዙ ሰው በዕድሜ ልኩ ከሚያገኘው የበለጠ አግኝቻለሁ ብሏል። ጽሑፉን ሳነብ የገረመኝ መካከሉ ነው። ይከፋኛል ማለቱ። እውነቱን የነገሩት ሰው ብቻ ነው እንደዚህ መናገር የሚችለው። አክስቴ ይህን ዕድል አላገኘችም። የከፋት ቀን እንኳ እኛን ላለማስከፋት «ጨጓራዬ ነው» ነበር የምትለው።

ሜይ 16፣ 1963 ኧርኒ ወደ ሞዴል ቢሮ ብቅ አለ። ለጥቂት ቀን ሆስፒታል ልገባ ነው አለው። አንገቱ እንደገና አብጦ ነበር። ሲወጣ አታስቡ፣ እንገናኛለን ብሎ ነው የተሰናበተው። ይህን ጊዜ ሁለቱም ያውቃሉ። የሚደባበቁት ነገር የለም። ግን ማጽናኛውን የተናገረው ታማሚው ሆነ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሜይ 18፣ ክሊቭላንድ በሚገኘው ሌክሳይድ ሆስፒታል አረፈ። 23 ዓመቱ ነበር።

ስለ እሱ በሁለቱም የኮንግረስ ምክር ቤቶች የኀዘን ንግግር ተደረገ። ብራውንስ 45 ቁጥርን ዳግም ማንም እንዳይለብሰው አደረገ። ሲራኪዩስ 44 ቁጥርን ለፍሎይድ ሊትል ሰጠ፤ በ2005 ደግሞ ለሁሉም ዘጋው። የዩኒቨርሲቲው የፖስታ ቁጥር እንኳ 13244 ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች በአጋጣሚ የመጡ አይደሉም።

አስከሬኑ ወደ ኤልማይራ ተወሰደ። ለስንብት የተቀመጠው በከተማዋ ኔበርሁድ ሃውስ ነው፤ የሰፈሩ ልጆች የሚሰበሰቡበት ቤት ነው። ከ10,000 በላይ ሰው ተሰልፎ በአጠገቡ አለፈ። የብራውንስ ተጫዋቾች በአውሮፕላን መጥተው ነበር። ጥቁሩም ነጩም በአንድ ሰልፍ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል፣ ገብቶ ያየዋል፣ በሌላው በር ይወጣል። ያን ቀን ማንም ቀድመህ ውጣ አልተባለም።